በአማቴ ፊት ላይ ያየኋቸው ፊልሞች

ስለ አስቂኝ ፊልም ከተጠየቅሁ ብዙ የምለው አለኝ። የምወደው አለ፣ የምጠላው አለ፣ ለምነው እንኳ ቢያስቀምጡኝ ተነስቼ የምወጣበት አለ። ግን አብዛኞቹን አላየኋቸውም። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። አሁን ልጻፈው ብያለሁ። አፌ ከሚንተባተብ እጄ ቢንተባተብ ይሻላል፤ እጅ ሲሳሳት ሰርዞ መቀጠል ይቻላል።

ፊልሞቹን ያየኋቸው በአማቴ ፊት ላይ ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ አጣፊ ናቸው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ማጠቢያ ማሽኖቹ በአንድ ወገን ተደርድረው ይጮኻሉ፣ ማድረቂያዎቹ በሌላው ወገን ያጉረመርማሉ፣ መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። እዚያ ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በእጁና በቅንድቡ ነው። አለቃችን ከፎቅ ወርዶ ትእዛዝ ሲሰጥ ሁላችንም እጃችንን ጆሯችን ላይ አድርገን "ምን አልክ?" ስንለው ኖረን፣ በዚያው ስሙ "ምናልክ" ሆኖ ቀረ። በዚህ ስም ስንጠራው ደግሞ እሱም አይሰማንም፤ ስለዚህ ተቀይሞን አያውቅም።

እኔ እዚያ የገባሁት በአማቴ በኩል ነው። ልጃቸውን ካገባሁ በኋላ ሳጥን እደረድርበት የነበረው መጋዘን ተዘጋና ቤት ዋልኩ። አንድ ቀን መጥተው "አንሶላ ማጠፍ ትችላለህ?" አሉኝ። ጫማቸውን እያየሁ "እሞክራለሁ" አልኩ። መቼም አማቱን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ የለም፤ የእኔ ግን ባሰ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ የማውቀው ጫማቸውን ነበር። ገበያ መሀል ብንገናኝ በጫማቸው ካልሆነ በመልካቸው አልለያቸውም ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንሶላ ማጠፍ ቀላል ይመስላል። የሆቴል አንሶላ ግን ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ ጫፍ ጫፉን ይዘው ወደ ኋላ ሳብ ያደርጉታል፣ ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ በቁመቱ ያጥፉታል፣ ደግመው ያጥፉታል። ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። መሀል ላይ ሲገናኙ አንደኛው ጫፉን ያስረክብና ጎንበስ ብሎ የተንጠለጠለውን እጥፋት ያነሳል፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይገናኛሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ የታጠበ አንሶላ መሬት አይነካም። ከነካ ተመልሶ ማሽን ይገባል፣ ያስነካውም ሰው ቀኑን ሙሉ ባለካውያዋ ምላስ ላይ ይውላል። ባለካውያዋ ከጠረጴዛው ማዶ ሸሚዝና የጠረጴዛ ልብስ የምትተኩስ ሴት ናት። ካውያዋም ምላሷም በርዶ አያውቅም፤ ድምፅዋ ደግሞ ከማሽኑ በላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያጠፍነው ሁሉ ተንጋደደ። ባለካውያዋ አንዱን አንስታ ለሰው ሁሉ አሳየችና "ይሄ አንሶላ ነው ወይስ የተቆጣ ሰው?" አለች። አማቴ አልሳቁም። መሀል ስንገናኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ልጄ፣ ምን እያየህ ነው?" አሉኝ።

"አንሶላውን።" ዋሸሁ። ጫማቸውን ነበር።

"አንሶላውን አትየው። አንሶላ ታይቶ አይታጠፍም። እኔን እይ። መቼ እንደምስብ፣ መቼ እንደምመጣ ፊቴ ላይ አለልህ።"

እንግዲህ ሥራ ነው፤ ቀና አልኩ። ክብ ፊት ነው። ግንባራቸው ላይ ሦስት መስመር አለ፣ በግራ ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፣ ቅንድባቸው ከሌላው ፊታቸው ቀድሞ የሚነቃ ዓይነት ነው። ቅንድቡ ብድግ ካለ ሊስቡ ነው። ከንፈራቸው ከተገጠመ ሊመጡ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አንሶላችን እንደ ወረቀት ይቀመጥ ጀመር።

የእኔ ቦታ ጀርባዬን ለማድረቂያዎቹ ሰጥቼ ነው። አዲስ ገቢ እዚያ ይቆማል፤ ሙቀቱ ከኋላ ይጋግረዋል። ከእኔ በኋላ አንሶላ ላይ ሌላ አዲስ ስላልመጣ እዚያው አረጀሁ። አንድ ቀን ታዲያ ምናልክ ከእንግዳ ክፍል የወረደ ቴሌቪዥን አስይዞ መጣ። ድምፁ ሞቷል። "እናንተ ዘንድ ድምፅ ምን ይሠራል" ብሎ ከማድረቂያዎቹ በላይ፣ ከእኔ ራስ ኋላ አሰቀለው። ቀኑን ሙሉ አስቂኝ ፊልም የሚያሳይ ጣቢያ ላይ ነበር፤ መቀየሪያው ፎቅ ላይ ስለቀረ እዚያው ላይ ኖረ።

ያን ቀን የሆነውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ። አንሶላ ወጥረን ቆመናል። የአማቴ ቅንድብ ብድግ አለ፤ ሊስቡ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ አልሳቡም። ዓይናቸው ከእኔ ራስ በላይ ሄደ። ከንፈራቸው ተጨመቀ፣ ጉንጫቸው እንደ ልጅ ተነፋ፣ ሦስቱ መስመሮች ሲሰበሰቡ ሲበተኑ፣ ሲሰበሰቡ ሲበተኑ ቆዩ። ከዚያ አንሶላው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ከትከሻቸው ወደ ክንዳቸው ወረደ፣ ከክንዳቸው ወደ ጨርቁ ገባ፣ በጨርቁ ላይ እየሮጠ መጥቶ እጄ ውስጥ ገባ። ድምፅ የለም፤ ማሽኑ ውጦታል። ሳቅ በእጅ ሲመጣ ያን ቀን አየሁ። ምኑ እንዳሳቀኝ ሳላውቅ እኔም ሳቅሁ።

ዞር ብለህ አታይም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንዴ ዞሬአለሁ፤ አንሶላው መሬት ነካ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሁላችንም ብርሃን ፍለጋ ጓሮ እንወጣለን። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከጊዜ በኋላ መዞሩን አልፈለግሁትም። ከፊቴ ያለው ይበቃኝ ነበር።

አስተያየታቸውን የሚነግሩኝ መሀል ስንገናኝ ነው፤ ከዚያ ውጭ መሰማማት የለም። ስለዚህ አንድ ፊልም በአንድ እጥፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው የሚያገኘው። አንድ ቀን ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን ሆኑ?" አልኩ ስንገናኝ።

"ኬክ ይወራወራሉ።"

ሄድን፣ ሳብን፣ ተመለስን።

"ያን የጠረጴዛ ልብስ ማን ሊያጥበው ነው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኬክ የሚወረወርበትን ፊልም ጠላሁት። አሁንም እጠላዋለሁ። ክሬም ሙቅ ውኃ ውስጥ ከገባ ጨርቁ አለቀለት፤ ፊልም ሠሪዎቹ ይህን አያውቁም፣ ወይም ሌላ ሰው ያጥበዋል ብለው ነው።

ራሱ በራሱ ቀልድ የሚስቅ ተዋናይም አይወዱም። "ራሱ ስቆ ከጨረሰው ለእኔ ምን አስተረፈልኝ?" አሉኝ። ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከንፈር ብቻ የሚያንቀሳቅስበት ፊልም ሲመጣ ፊታቸው የተዘጋ ሱቅ ይሆናል። ያን ቀን ብዙ አንሶላ እናጥፋለን፤ ምናልክ ያመሰግነናል። ሽማግሌ ከደረጃ የሚንከባለልበት ሲመጣ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጨርቁ ይመልሳሉ።

"ሌላው ሰው ይስቃል" አልኳቸው አንዴ፤ ባለካውያዋ ሆዷን ይዛ ነበርና።

"ሰው ሲወድቅ አያስቅም። ላለመውደቅ ሲታገል ነው የሚያስቀው። ከወደቀማ ማንሳት ነው።"

ይህን ነገር ስንት ቀን እንዳሰብኩት እኔ አውቃለሁ።

የሚወዱትስ? አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ስላላቸው ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ፊልም አለ። አንድ ድግስ ላይ እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ አንዱ ሲጨፍር ሌላው መጸዳጃ ቤት ውስጥ በውስጥ ሱሪው ይጠብቃል። ይህ በመጣ ቁጥር የአማቴ ፊት እንደ በር ይከፈትና ይዘጋል፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ። መጨረሻ ላይ የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። "እስከ መጨረሻው ድረስ የሱሪው መስመር አልጠፋም። የተኮሰው ሰው እጁ ይባረክ።"

ከሁሉ በላይ የሚወዱት ግን አንድ ነበር። እሱ ሲጀምር አውቀዋለሁ። ትንፋሻቸው ይቆማል። ዓይናቸው ይሰፋል። አንገታቸው በቀስታ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ደግሞ ወደ ግራ፣ አገጫቸው ከፍ ይላል፣ ከንፈራቸው "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። አንድ ነገር ተሸክሞ በሰው መሀል የሚያልፍ ሰው ነው፤ ይህን ከፊታቸው ተረድቻለሁ። የተሸከመው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እንዲያ ያለ ፊት ላይ ጥያቄ መወርወር ጸሎት ላይ እንደማሳል ሆነብኝ። ለራሴ ግን ገብቶኛል ብዬ ነበር፤ ሕፃን ነው። የተኛ ሕፃን። እንዲያ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፤ ልጄ የተወለደች ቀን፣ አማቴ ከነርሷ እጅ ሲቀበሏት። ያን ቀን ሳላስበው ቀና ብዬ ነበር።

ለልጄም ይህንኑ እነግራት ነበር። "ሰውየው የተኛ ሕፃን ታቅፏል። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። አንዱ ወንበር ይስባል፣ አንዷ ጃንጥላ ትከፍታለች፣ ውሻ በእግሩ መሀል ያልፋል..."

"ሕፃኑ አይወድቅም?" ትለኛለች።

"አይወድቅም።"

"አይነቃም?"

"ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።"

ሚስቴ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማናለች። "አንተ፣ ፊልሙን አይተኸዋል?"

"እናትሽን አይቻለሁ።"

"እሱስ ይበልጣል" ትላለች።

እንዲህ ስንኖር፣ አንድ ቅዳሜ አማቴ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ የፊታቸው ቀኝ ወገን አልነሳ አለ። ሻይ ሊጠጡ ሲሉ በከንፈራቸው ጥግ ፈሰሰ። ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው አለ። መድኃኒት ሰጣቸው፤ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ የሚቀር ነገርም ሊኖር ይችላል አላቸው። በማግስቱ እኛ ቤት መጡ። ልጄ እንደ ልማዷ "አያቴ" እያለች ወደ በሩ ሮጠች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሲያዩዋት ሳቁ። ሳቁ በአንድ ወገን ብቻ ወጣ። ግራው ወደ ላይ ተሳበ፣ ቀኙ ባለበት ቀረ፣ የቀኙ ዓይን ሳይከደን ፈጦ ቀረ። ልጄ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ሄደች። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ፣

"ይቺ አያቴ አይደለችም" ብላ አለቀሰች።

አማቴ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አንስተው እስከ አፍንጫቸው ሸፈኑ። ያንን ሻርፕ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት አላወረዱትም።

ሰኞ ሥራ ገባን። አንሶላ ሳንይዝ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ቦታ እንቀያየር። ጀርባቸውን ለማድረቂያዎቹ ሰጡ፤ ለቴሌቪዥኑ ማለት ነው። መጀመሪያው እጥፋት ላይ ስንገናኝ፣

"እዚህ የምቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው" አሉኝ በሻርፑ ውስጥ። "ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ ከተማ ማንም አያውቀኝም። የማያውቀኝ ሰው ፊቴን ቢያየው ምን ይጎድልብኛል።"

"እስኪሻልዎ ነው?"

"ቢሻለኝም ባይሻለኝም። ልጅን አስፈራርቶ መኖር ምን ኑሮ ነው።"

ጎንበስ ብዬ እጥፋቱን አነሳሁ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ፤ ነገር ያለፈ ጊዜ ነው ቃል የሚመጣልኝ።

እኔ እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አድርጌ ቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የወደድኳቸውንና የጠላኋቸውን ፊልሞች በዓይኔ ማየት ጀመርኩ። ምን ልበላችሁ፣ አነሱብኝ። ሁለቱ ወንድማማቾች መጡ፤ ሁለት ቀጫጭን ሰዎች በር ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ አለቀ። ይሄው ነው? አልኩ። ይህችን ትንሽ ነገር ነው ያን ያህል አድርገው ያሳዩኝ? ስፌቷ ለተተረተረች ጨርቅ ያን የሚያህል ጥልፍ ማን ሠራላት? ያን ቀን ለአማቴ የነበረኝ አክብሮት ሌላ ሆነ። ከዚህ በፊት አማቴ ስለሆኑ አከብራቸው ነበር። አሁን ግን አንድ ትልቅ ነገር አጠገብ ለዓመታት ቆሜ ሙቀቱን ብቻ ስሞቅ እንደኖርኩ ገባኝ።

እሳቸው ደግሞ ከሻርፑ በላይ ባሉት ዓይኖቻቸው እኔን ያዩኛል። ሥራ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ለመሳብ በማያስፈልግበት ጊዜም ያዩኛል፤ ከፊቴ ላይ አንድ ነገር የጠፋባቸው ሰው ይመስላሉ። ባለካውያዋ ናት የገለጠችልኝ።

"አንተ ጭምት፣ ፊትህን ማን ተኮሰልህ?" አለች ከማዶ። "አንዲት መስመር የለውም እኮ። ሴትየዋ ምስኪን፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ፊልም ትፈልጋለች።"

ለካ ቴሌቪዥኑ አሁን እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድቤን ለማንሳት ሞከርኩ። ሁለቱም እኩል አልነሳ አሉ። ጉንጬን ነፋሁ። ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ጥርስህን አመመህ?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን ሆነሃል?"

"እናትሽን ላስቅ ነው።"

 ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች፤ ከዚያ ከወጥ ቤት "ግራውን ከፍ አድርገው" አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ አልሆነም። ቅንድቤን ባነሳሁ ጊዜ አማቴ ላብ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏቸው መሀል ስንገናኝ በክንዳቸው ግንባሬን ሊጠርጉልኝ ቃጡ። ጉንጬን ስነፋ ባለካውያዋ "ልታስመልስ ከሆነ አንሶላው ላይ እንዳይሆን" አለች። አፈርኩ፤ ግን አልተውኩም። ቀስ በቀስ ፊቴ ተፍታታ። ኬክ ሲመጣ አጠቆርኩት፤ አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኬክ መሆኑን አውቀዋል። ሶፋና ከንፈር ሲመጣ ሱቁን ዘጋሁ። ዓይናቸው ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሳቅ ግን የለም። አንሶላው አልተንቀጠቀጠም። ወሩ ሊያልቅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ ፊልም መጣ። መጀመሪያ እሱ መሆኑን አላወቅሁም። ነጭ ኮት የለበሰ አስተናጋጅ ከወጥ ቤት ወጣ። በሁለት እጁ ሳህን ተሸክሟል። በሳህኑ ላይ ሳህን፣ በዚያ ላይ ሳህን፣ ከራሱ በላይ የሚሄድ የሳህን ቁልል። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። አንገቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ወደ ግራ አዘነበለ፣ አገጩን ከፍ አደረገ።

ሕፃን የለም። ሳህን ነው።

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ለልጄ የነገርኩት፣ እኔም ራሴ ሥራ ላይ ድካም ሲይዘኝ የማስበው፣ ሳህን። የአማቴ ዓይን ግን ፊቴ ላይ ነው፤ አንድ ነገር እንደመጣ አውቀዋል። ምን ላሳያቸው? ሳህን ለመሸከም የሚሆን ፊት የለኝም። የማውቀው ያንን አንዱን ነው፤ ልጄን ከነርሷ እጅ ሲቀበሉ ያየሁትን። ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኔን አሰፋሁ። አንገቴን በቀስታ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ።

አማቴ አወቁት። ከሻርፑ በላይ ቅንድባቸው፣ ግራው ብቻ፣ ብድግ አለ። የእሳቸውም አንገት አብሮኝ ያዘነብል ጀመር። አንሶላውን ወጥረን፣ ሁለታችንም በማይታይ ቤት ውስጥ በእንግዳ መሀል እያለፍን ነበር። አስተናጋጁ አንድ በር ጋ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ነጭ ክር ብልጭ አለችና ጠፋች። ጥቁር ሆነ። ድምፁ ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ ይኸው ምስሉ ተከተለው።

ማቆም ነበረብኝ። ግን የአማቴን ዓይን ሳይ አልቻልኩም፤ ካቆምኩ እሱም እንደ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ቀጠልኩ። ሕፃኑን ይዤ በሩን በትከሻዬ ገፋሁ። ውሻ መጣ፤ እግሬን አነሳሁለት። አንዷ ጃንጥላ ልትከፍት ስትል በዓይኔ ለመንኳት። አንዱ ሊያስነጥስ ነው፤ አፍንጫውን በዓይኔ ያዝኩለት። ሕፃኑ ሊነቃ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከንፈሬ "ቀስ፣ ቀስ" አለ። በሕይወቴ እንዲያ ሆኜ አላውቅም። እጄ አንሶላ ይዟል፤ ሁሉንም የሠራው ፊቴ ነው።

ባለካውያዋ ካውያዋን ብድግ አድርጋ ቆመች። እኔን አየች፣ ጥቁሩን ቴሌቪዥን አየች።

"ኧረ ጉድ" አለች። "ይሄ ሰውዬ ፊልሙን የሚያየው የት ላይ ነው?"

አማቴ ዞሩ። ጥቁሩን ቴሌቪዥን አዩት። ተመልሰው እኔን አዩኝ። እኔ አንድ እግሬን ለውሻው አንስቼ ቆሜአለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንሶላው ተንቀጠቀጠ።

መጀመሪያ ከእኔ እጅ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ከማዶ ነው የመጣው። ትከሻቸው ተነሳ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ሻርፑ ከአፍንጫቸው ተንሸራተተ፣ ከአገጫቸው ወረደ። እጃቸውን አንስተው አፋቸውን መሸፈን አይችሉም፤ በሁለቱም እጃቸው የታጠበ አንሶላ ይዘዋል፤ የታጠበ አንሶላ ደግሞ መሬት አይነካም። ስለዚህ እንዳለ አየሁት። ግራው ወገን ሁሉን ያደርጋል፤ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ ጉንጩ ይነፋል። ቀኙ ጸጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ከማይከደነው ዓይን ግን እንባ ይወርዳል፤ የሳቅ እንባ። በሙሉ ፊት ላይ ያየሁት ነገር ሁሉ አሁን በግማሽ ፊት ውስጥ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ በዓይን ይፈስ ነበር።  አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

መሀል ስንገናኝ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?" አሉኝ።

"በሩ ጋ ሲደርስ።"

"ያ ሁሉ ታዲያ ከየት መጣ?"

"እርስዎ ላይ ያየሁት ነው።"

ጫፉን አስረክቤ ጎንበስ አልኩ። ስነሳ ሻርፑን መልሰዋል።

"እዚህስ ምን አለበት" አሉ። "አንተ ልጄ ነህ፤ ባለካውያዋም ክፋቷ ምላሷ ላይ ነው። የልጅቷ ነገር ነው እንጂ።"

መሄዳቸውን አልተዉም ማለት ነው።

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሊሰናበቱን መጡ። ሻንጣቸውን ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። ሻርፑ እስከ አፍንጫቸው ነው። ልጄ ድምፃቸውን ስትሰማ በሩ ኋላ ገባች፤ በበሩ ማጠፊያ ክፍተት አንድ ዓይኗ ይታየኛል። ሚስቴ እናቷን አቅፋ ቆየች፤ ከዚያ እንባዋን ለመደበቅ ይመስለኛል፣ ከጓሮ የደረቀ አንሶላ ልታመጣ ወጣች። ሰብስባ አምጥታ ክንዴ ላይ አስቀመጠችው። የቤታችን አንሶላ ትንሽ ነው፤ ልጅም ይይዘዋል። እኔም ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አንዱን ወገን ለአማቴ ሰጠሁ፤ ሌላውን ወደ በሩ ይዤ ሄድኩ።

"ነይ፣ ያዢልኝ" አልኳት ልጄን። "እንደ አባትሽ።"

እንደ አባትሽ ስላት ወጣች። እኔ የምሠራውን መሥራት ስትለምነኝ ነው የኖረችው። ሁለቱን ጫፍ በትንንሽ እጇ ጨበጠች። አንገቷን ደፍታለች።

"ማንን ነው የማየው?" አለችኝ። ሕጉን አስተምሬአታለሁ።

"ማዶ ያለውን ሰው።"

 ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። አማቴ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን ከዓይኗ ሳይነቅሉ ትንፋሻቸውን ያዙ። አንገታቸውን በቀስታ ወደ ቀኝ አዘነበሉ። ወደ ግራ አዘነበሉ። አገጫቸውን ከፍ አደረጉ።

የልጄ ፊት ተለወጠ።

"የሕፃኑ ፊልም ነው" አለች።

"የምን ሕፃን?" አሉ አማቴ።

"ሰውየው የታቀፈው። የተኛው ሕፃን። አባዬ ነግሮኛል።"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጫማቸውን አየሁ።

"ሳህን እኮ ነው" አሉኝ።

"አዎ። አሁን አውቄአለሁ።"

"ያን ሁሉ ጊዜ አንተ ያየኸው ሕፃን ነበር?"

"ከፊትዎ ላይ... ሕፃን ነበር የሚመስለው።"

 እኔ አሁንም ጫማው ላይ ነኝ። መጀመሪያ ያየሁት አንሶላውን ነው፤ በጨርቁ ላይ አንዲት ትንሽ ማዕበል ተነስታ ወደ ልጄ ሮጠች። ልጄ እጇን አየች። ሌላ መጣ። የአማቴ ሻርፕ ተንሸራተተ፣ ወረደ፤ እሳቸው ግን ጫፉን አልለቀቁም። ግማሽ ፊታቸው በሳቅ ተተራመሰ፤ ልጄ ይህን በሙሉ ዓይኗ አየችው። ሚስቴ ክንዴን ያዘች። ልጄ አንሶላውን ጥላ ትሮጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልሮጠችም። ረጅም ጊዜ አየች።

"አያቴ" አለች በኋላ። "አንዱ ጉንጭሽ ተኝቷል።"

"አዎ ልጄ። ተኝቷል።"

ልጄ አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔ ሕፃኑን ስነግራት ዝቅ እንደማደርገው።

"እንዳይነቃ ቀስ ብለን እንሂድ።"

አንሶላውን አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት። ከዚያ ልጄ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች፣ ዓይኗን ከአያቷ ፊት ሳትነቅል፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዘነበለች ሄደች። አማቴም እንደ እሷ በጣታቸው ጫፍ መጡ። መሀል ላይ ተገናኙ። ልጄ ጫፉን አስረክባ እጥፋቱን ለማንሳት ጎንበስ አለች፤ አማቴም አብረዋት ጎንበስ አሉ፤ እዚያ ታች ግንባር ለግንባር ሆነው የተባባሉትን አልሰማሁም። ሚስቴ ወደ ደጃፉ ሄዳ ሻንጣውን አንስታ ወደ ውስጥ ስታስገባ ማንም አልከለከላትም።